ጨው የሚችል ዘር ፋታ ይሰጣል፤ መሬቱን የሚያድነው ግን ቦይ ነው

በመስኖ በሚለማ ቆላማ መሬት ላይ ውሃው ጠልቆ አፈሩ ሲደርቅ፣ በትልሙ ጫፍና በመደቡ አናት ላይ እንደ አመዳይ ነጭ ሆኖ የሚታይ ነገር አለ። ይህ ነጭ ነገር ጨው ነው። በመጀመሪያው ዓመት በማሳው ዝቅተኛ ጥግ ላይ በጥቂት እርምጃ ስፋት ብቻ ስለሚታይ ብዙ ገበሬዎች ችላ ይሉታል። በተከታዮቹ ዓመታት ግን የሽንኩርቱ ቅጠል ከጫፉ እየነደደ ይመጣል፤ በቆሎው ይቀጭጫል፤ ባቄላውም ሳይበቅል ይቀራል። በመጨረሻም መሬቱ ጦም አዳሪ ይሆናል።

የጨው ችግር የገጠማቸው የገበሬ ማኅበራት መሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሡት ጥያቄ አንድ ነው። ይኸውም፣ «ጨው የሚችል ዘር ይገኛል ወይ?» የሚል ነው። ለጥያቄው የሚሰጠው መልስ፣ «አዎን፣ ይገኛል» ነው። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ዘር በውስጡ ምን እንደሚሠራ፣ የሥራውም ወሰን የት ድረስ እንደሆነ ሳይታወቅ የሚዘራ ከሆነ ማኅበሩ ለጥቂት ዓመታት ደኅና ምርት አግኝቶ በኋላ መሬቱን ጨርሶ ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ የዕፅዋት ተመራማሪዎች ባለፉት 30 ዓመታት ገደማ ስለዚህ ጉዳይ የደረሱበትን ዕውቀት መረዳት ለማኅበራት መሪዎች እጅግ ጠቃሚ ነው።

ጨው ከየት ይመጣል?

ጨው ወደ እርሻ መሬት የሚገባው በአብዛኛው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ራሱ የመስኖው ውሃ ነው። ለመጠጥ ጥሩ የሚባል የወንዝ ውሃ እንኳ ጥቂት ጨው ይይዛል። ለምሳሌ በአንድ ሊትር ውስጥ ግማሽ ግራም ጨው ያለበት ውሃ ሲቀመስ ጨውነቱ እምብዛም አይታወቅም። ነገር ግን አንድ ሔክታር መሬት በዓመት 10,000 ሜትር ኩብ እንዲህ ያለ ውሃ ቢጠጣ በውሃው አማካይነት ወደ መሬቱ የሚገባው ጨው 5 ቶን፣ ማለትም 50 ኩንታል ይሆናል። ሰብሉ ውሃውን ይጠጣል፤ ፀሐይም ቀሪውን ታተነዋለች፤ ጨው ግን አይተንምና እዚያው ይቀራል።

ሁለተኛው መንገድ ከታች ወደ ላይ የሚመጣው ነው። ከሚፈለገው በላይ ውሃ በሚለቀቅበትና ትርፉ መውጫ በሌለው መሬት ላይ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከዓመት ወደ ዓመት ከፍ ይላል። ከመሬቱ ገጽ ሁለት ሜትር ወይም ከዚያ ያነሰ ርቀት ላይ ሲደርስ፣ በመብራት ክር ላይ ጋዝ እንደሚወጣ ሁሉ ውሃው በአፈሩ ቀዳዳዎች ውስጥ እየሳበ ወደ ላይ ይወጣል። ያሟሟውንም ጨው ይዞ ወጥቶ ገጹ ላይ ይተወዋል።

በመካከለኛው አዋሽ የደረሰው ይኸው ነው። በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ ተሠርቶ የአዋሽ ወንዝ ፍሰት ከተስተካከለና በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ከተቋቋመ በኋላ፣ በመልካ ሰዲና በአሚባራ ሰፋፊ የጥጥና የሙዝ እርሻዎች በመስኖ ለምተዋል። ትርፉን ውሃ የሚያወጣ የማጠንፈፊያ ሥራ ከመስኖው ጋር አብሮ ስላልተሠራ ግን የከርሰ ምድሩ ውሃ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከፍ ብሎ፣ ሰፊ መሬት በጨው ተበላሽቶ ከምርት ውጭ ሊሆን ችሏል። ፕሮሶፒስ የተባለው እሾኻማ ዛፍም ከተወረሩት ቦታዎች መካከል እነዚሁን የተተዉ ማሳዎች ይዟል። በወረር የግብርና ምርምር ማዕከልና በአካባቢው የተካሄዱት የማጠንፈፍና ጨው የማጠብ ሙከራዎች፣ ውሃው መውጫ ሲያገኝ መሬቱ ሊመለስ እንደሚችል አሳይተዋል።

ጨው ሰብሉን የሚጎዳበት ሁኔታ

ጨው ሰብልን የሚጎዳው በሁለት ደረጃ ነው። የመጀመሪያው ጥም ነው። ለቋንጣ የተዘጋጀ ሥጋ ላይ ጨው ሲነሰነስ ውሃውን እንደሚለቅ የማያውቅ የለም። በአፈር ውስጥ ያለው ጨውም እንደዚሁ ውሃውን አጥብቆ ይይዘዋል። በዚህ ምክንያት መሬቱ እርጥብ ሆኖ ሳለ ሥሩ ውሃ ለመሳብ ይቸገራል። ገበሬው ይህን አይቶ ሰብሉ ውሃ የጠማው ስለሚመስለው ተጨማሪ ውሃ ይለቃል፤ ተጨማሪው ውሃም መውጫ ከሌለው የከርሰ ምድሩን ውሃ ይበልጥ ከፍ ያደርገዋል።

ሁለተኛው መመረዝ ነው። የተለመደው ጨው ሶዲየምና ክሎሪን ከሚባሉ ሁለት ነገሮች የተሠራ ነው። ሶዲየም በጠባዩ ፖታሲየም ከሚባለው የዕፅዋት ምግብ ጋር ይቀራረባል። በመሆኑም በሥሩ በር ላይ ፖታሲየም መስሎ ወደ ውስጥ ይገባል። ከገባም በኋላ የፖታሲየምን ቦታ ይይዛል፤ የፖታሲየምን ሥራ ግን ሊሠራ አይችልም። በቅጠሉ ውስጥ እየተከማቸ ሲሄድም ያረጁት ቅጠሎች ከጫፋቸው ጀምረው ይቃጠላሉ። አዲስ የሚወጣው ቅጠል የሚሞተውን ለመተካት ካልቻለ ተክሉ ፍሬ ሳይዝ ይቀራል።

በዘር ውስጥ ያለው ትእዛዝ

በእያንዳንዱ ዘር ውስጥ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፉ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ትእዛዞች ይገኛሉ። እነዚህ ትእዛዞች ዘረመል ይባላሉ። የአንዱ ገብስ ነጭ፣ የሌላው ጥቁር መሆን፣ የአንዱ ስንዴ ቀድሞ መድረስና የሌላው መዘግየት የሚወሰነው በእነዚሁ ነው። ሁሉም ትእዛዞች ሁልጊዜ አይሠሩም። አንዳንዶቹ የሚነቁት ድርቅ ወይም ጨው ሲመጣ ብቻ ነው። አንዱ ትእዛዝ ሲነቃ ሕዋስ በሚባለው የተክሉ ጥቃቅን ክፍል ውስጥ ፕሮቲን የሚባል ሠራተኛ ይሠራል፤ ሠራተኛውም የታዘዘውን ተግባር ያከናውናል።

ጨው ሲመጣ የሚነሡት ሠራተኞች በአራት ምድብ ሊከፈሉ ይችላሉ።

አንደኛው ምድብ የዘበኞች ምድብ ነው። ሥሩ ጨው ሲያገኘው በሕዋሱ ውስጥ የካልሲየም መጠን ወዲያውኑ ከፍ ይላል። ይህ እንደ ደወል ነው። ደወሉን የሚሰማ አንድ ፕሮቲን አለ፤ እርሱም ሁለተኛውን ያነቃል፤ ሁለተኛው ደግሞ በሕዋሱ ግድግዳ ላይ ያለውን ሦስተኛውን ያስነሣል። ሦስተኛው ሶዲየሙን እየገፋ ወደ አፈሩ ይመልሰዋል። ይህ ሰንሰለት የታወቀው አራቢዶፕሲስ በተባለችው የሰናፍጭ ዘመድ በሆነች ትንሽ አረም ላይ በተደረገ ጥናት ነው። በዩናይትድ ስቴትስ በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ የዢያን ካንግ ዙ የምርምር ቡድን እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2000 ባሉት ዓመታት ውስጥ፣ ሌሎቹ በሚችሉት ጨው የሚሞቱትን ተክሎች ለይቶ በማጥናት የጎደሏቸው ትእዛዞች የትኞቹ እንደሆኑ ሊደርስበት ችሏል። ሦስቱም ትእዛዞች ኤስኦኤስ በሚል ስም ይታወቃሉ። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ሰንሰለቱ ይበጠሳል።

ሁለተኛው ምድብ በውሃ መተላለፊያው ላይ የቆመ በር ጠባቂ ነው። ዘበኞቹን አልፎ የገባው ሶዲየም ከውሃው ጋር በግንዱ በኩል ወደ ቅጠል ሲጓዝ፣ ኤችኬቲ የሚባለው የትእዛዝ ቤተሰብ ያሠራቸው በር ጠባቂዎች ከመንገድ አውጥተው በሥሩና በግንዱ ሥጋ ውስጥ ያስቀሩታል። ስለዚህ ቅጠሉ ንጹሕ ውሃ ያገኛል።

ሦስተኛው ምድብ ባለ ጎተራው ነው። በእያንዳንዱ ሕዋስ መካከል ውሃ የሚጠራቀምበት ከረጢት አለ። ኤንኤችኤክስ የሚባለው ትእዛዝ ያሠራው ፕሮቲን ሶዲየሙን ወደዚህ ከረጢት አስገብቶ ይዘጋበታል። ጨው በከረጢቱ ውስጥ እንዳለ ሌላውን የሕዋሱን ክፍል አይመርዝም።

አራተኛው ምድብ ጥሙን የሚከላከል ነው። ተክሉ ፕሮሊን፣ ቤታይንና የስኳር ዓይነቶችን በብዛት ያዘጋጃል። እነዚህ ነገሮች ሕዋሱን ሳይጎዱ በውስጡ ውሃን አጥብቀው ስለሚይዙ ሥሩ ጨዋማ ከሆነው አፈር ውሃ ለመሳብ ኃይል ያገኛል።

እንግዲህ ጨው መቻል በአንድ ሠራተኛ የሚከናወን ሥራ እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል። አንዱ ሰብል በዘበኛው፣ ሌላው በጎተራው ይበረታል። ለምሳሌ የዳቦ ስንዴ ሶዲየምን ከቅጠሉ በማራቅ ሲታወቅ፣ ገብስ ግን ሶዲየም በቅጠሉ ውስጥ እየገባም በጎተራው አሽጎ በመያዝ ይቋቋመዋል። ከዚህም ሌላ ይህ ሁሉ ሥራ ጉልበት ይጠይቃል። ለእድገትና ለፍሬ ሊውል ይገባው ከነበረው ጉልበት ላይ ስለሚቀነስ፣ ጨው የሚችል ሰብልም ቢሆን ጨው በበዛበት መሬት ላይ በጥሩ መሬት የሚሰጠውን ያህል ምርት ሊሰጥ አይችልም።

ከጥንት ስንዴ የተገኘ ሀብት

ለፓስታና ለመኮሮኒ የሚውለው ዱረም ስንዴ ከዳቦ ስንዴ ይልቅ በጨው ይጎዳል። ምክንያቱ በተመራማሪዎች ተደርሶበታል። የዳቦ ስንዴ ከሦስት ጥንታዊ ሣሮች የተወለደ ሲሆን ሶዲየምን በግንዱ የሚያስቀረውን የኤችኬቲ ትእዛዝ ያገኘው ከሦስተኛው ወላጁ ነው። ዱረም ስንዴ የተወለደው ከሁለቱ ብቻ በመሆኑ ይህን ሀብት አላገኘም።

ይሁን እንጂ በአውስትራሊያ ራና ሙንስ የተባሉት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ብዙ የዱረም ዝርያዎችን አሰባስበው በጨው ሲፈትኑ፣ በቅጠሉ ውስጥ በጣም ጥቂት ሶዲየም የተገኘበት አንድ ዝርያ አጋጠማቸው። የዝርያው ትውልድ ሲመረመር፣ ቀደም ሲል ዋግን ለመቋቋም ተብሎ አይንኮርን ከሚባለው ጥንታዊ ስንዴ ጋር የተዳቀለ ሆኖ ተገኘ። አዳቃዮቹ የፈለጉት ዋግን የሚከላከል ትእዛዝ ነበር፤ ሳይታሰብ ግን ጨውን የሚከላከሉ ሁለት ትእዛዞች አብረው ገብተው ነበር። ከእነዚህ አንዱ በተለመደው የማዳቀል ዘዴ ወደ ሌላ የዱረም ዝርያ ተላልፎ በገበሬ ማሳ ላይ ሲሞከር፣ ጨው በበዛበት መሬት ላይ እስከ 25 ከመቶ የሚደርስ ብልጫ ያለው ምርት ሰጥቷል። ጨው በሌለበት መሬት ላይም ምርቱ አልቀነሰም። ውጤቱ በይፋ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው።

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያ ገበሬ ልዩ ትርጉም አለው። አገሪቱ በዱረም ስንዴና በገብስ ልዩ ልዩ ዝርያዎች በዓለም ከታወቁት አገሮች አንዷ ናት። በአንድ ጎተራ ጥግ የቀረ፣ ምርቱ አነስተኛ ነው ተብሎ የተናቀ የአገር ዘር በውስጡ ምን ትእዛዝ እንደያዘ ከውጭ በማየት ሊታወቅ አይችልም። በ1968 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመውና በኋላ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ለመሆን የበቃው የዕፅዋት ዘር ማዕከል፣ የአገር ዘሮችን ከየገጠሩ ሲሰበስብና ሲያስቀምጥ የኖረው እንዲህ ያለ ሀብት እንዳይጠፋ ነው። ነገር ግን በማቀዝቀዣ ውስጥ ያለ ዘር ብቻውን በቂ አይደለም፤ በገበሬው ማሳ ላይ ከዓመት ዓመት እየተዘራ ከመሬቱ ጋር የሚፈተነው ዘርም መኖር አለበት።

የባሕር ውሃ የሚገባበት ሩዝ

በደቡብ ሕንድ በኬራላ ግዛት ባሕሩ አጠገብ የሚኖሩ ገበሬዎች ፖካሊ የሚባል ሩዝ ለብዙ ዘመናት ሲዘሩ ኖረዋል። በበጋ ወራት የባሕሩ ውሃ ወደ ማሳው ስለሚገባ ገበሬዎቹ በዚያ ጊዜ ሽሪምፕ የተባለውን የባሕር እንስሳ ያረባሉ። ክረምት ሲገባ ዝናቡ የመሬቱን ጨው ያጥበዋል፤ በዚያን ጊዜ ሩዙን ይዘራሉ። በዚህ ሩዝ ውስጥ ተመራማሪዎች ሳልቶል ብለው የሰየሙትን የዘረመል ክፍል አግኝተዋል። ክፍሉ የሚገኘው ከሩዝ 12 ክሮሞሶሞች በመጀመሪያው ላይ ሲሆን፣ በባንግላዴሽና በሌሎች የእስያ አገሮች የባሕር ዳር ገበሬዎች የሚዘሯቸውን ጨው የሚችሉ የሩዝ ዝርያዎች ለማዘጋጀት አገልግሏል። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ ኖና ቦክራ ከተባለ ሌላ የአገር ሩዝ የተገኘው ትእዛዝ፣ በስንዴ ከተገኘው ጋር የአንድ ቤተሰብ የሆነ የኤችኬቲ ዓይነት መሆኑ ተረጋግጧል።

ከፖካሊ ገበሬዎች የሚገኘው ትምህርት ስለ ዘር ብቻ አይደለም። እነርሱ ጨው የሚችል ዘር እያላቸው እንኳ የሚዘሩት ዝናብ ጨውን ካጠበላቸው በኋላ ነው። ዘሩና እጥበቱ ተደጋግፈው ይሠራሉ እንጂ አንዱ ሌላውን አይተካም።

በጨው ሜዳ ላይ የሚበቅሉት

በአፋር ቆላ ጨው በያዘው ሜዳ ላይ ምንም ሰብል በማይበቅልበት ቦታ ሱኤዳ የተባለው ቁጥቋጦ ለምልሞ ይታያል። ቅጠሉ ወፍራምና ውሃ ያዘለ ነው፤ ጨውን በዚያ ውስጥ ያጠራቅማል። አትሪፕሌክስ የሚባሉት ቁጥቋጦዎች ደግሞ ጨውን በቅጠላቸው ገጽ ላይ ባሉ ጥቃቅን ከረጢቶች ውስጥ ያስቀምጣሉ። እንዲህ ያሉ ዕፅዋት በዓለም ላይ ካሉት የአበባ ዕፅዋት 1 ከመቶ ገደማ ብቻ ናቸው።

የእነዚህ ዕፅዋት ምሥጢር ምንድን ነው? ተመራማሪዎች ከአራቢዶፕሲስ ጋር የሥጋ ዘመድ የሆኑ፣ ነገር ግን በጨው መሬት ላይ የሚበቅሉ ተክሎችን በማወዳደር መልስ አግኝተዋል። ጨው የሚችሉት ተክሎች ያሏቸው ትእዛዞች በአብዛኛው ሌሎቹም ያሏቸው ናቸው። ልዩነቱ ግን በሌሎቹ ተክሎች ትእዛዙ የሚነቃው ጨው ከደረሰ በኋላ ሲሆን፣ በእነዚህ ግን ጨው ሳይመጣ አስቀድሞ የነቃ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ልዩነት ደግሞ የቅጂ ብዛት ነው። በቱርክ አገር በቱዝ የጨው ሐይቅ አካባቢ የሚበቅል አንድ ትንሽ ተክል እ.ኤ.አ. በ2011 ዘረመሉ ሲነበብ፣ ጨውን ከሚቋቋሙት ትእዛዞች አንዳንዶቹን ከአንድ በላይ ቅጂ ይዞ ተገኝቷል። ጠላት መጣ ከተባለ በኋላ ዘበኛ ከሚፈልግ መንደርና አስቀድሞ በየበሩ ሁለት ሁለት ዘበኛ ካቆመ መንደር የትኛው እንደሚድን ግልጽ ነው።

የትኛው ሰብል ምን ያህል ይችላል?

የአፈር ጨዋማነት የሚለካው ከአፈሩ የተጨመቀው ውሃ ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍበት መጠን ነው፤ ጨው በበዛ ቁጥር ልኩ ከፍ ይላል። መለኪያው ዴሲ ሲመንስ በሜትር ይባላል። ልኩ ከ4 በላይ የሆነ አፈር ጨዋማ ተብሎ ይመደባል።

በዩናይትድ ስቴትስ የጨዋማነት ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች የሆኑት ማስና ሆፍማን እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጡትና ከዚያ ወዲህ እየተሻሻለ በመጣው ሠንጠረዥ መሠረት፣ ምርቱ መቀነስ የሚጀምረው ባቄላን ከመሰሉ ጥራጥሬዎች መካከል ቦሎቄ በ1፣ ሽንኩርት በ1.2፣ በቆሎ በ1.7፣ ቲማቲም በ2.5፣ ስንዴ በ6፣ ማሽላ በ6.8፣ ጥጥ በ7.7፣ ገብስ በ8 ላይ ነው። ከዚህ መነሻ በላይ ጨዋማነቱ በአንድ ልክ በጨመረ ቁጥር በቆሎ 12 ከመቶ፣ ሽንኩርት 16 ከመቶ፣ ጥጥና ገብስ ደግሞ 5 ከመቶ ያህል ምርታቸውን ያጣሉ።

ይህን በማሳ ላይ ተርጉሞ ማየት ይቻላል። ልኩ 8 በሆነ መሬት ላይ በቆሎ የዘራ ገበሬ በጥሩ መሬት ከሚያገኘው ሩብ ያህሉን ብቻ ያገኛል። ሽንኩርት ከዘራ ከነጭራሹ አያገኝም። በዚያው መሬት ላይ ጥጥ ወይም ገብስ የዘራ ግን ከጨው የተነሣ የሚያጣው ምርት እጅግ ጥቂት ነው። እንግዲህ አዲስ ዘር ከመፈለግ አስቀድሞ በእጅ ካሉት ሰብሎች ለመሬቱ የሚስማማውን መምረጥ ብቻውን ትልቅ ለውጥ ያመጣል።

የሰብሉ ዕድሜም ልዩነት ያመጣል። አብዛኞቹ ሰብሎች ካደጉ በኋላ የሚችሉትን ጨው በቡቃያነታቸው አይችሉም። ስለዚህ ከመዝራት በፊት ውሃ ለቅቆ የላይኛውን አፈር ማጠብ፣ በመደብ ላይ ሲዘራም ጨው የሚከማችበትን የመደቡን አናት ትቶ በጎንና ጎኑ መዝራት ቡቃያውን ከጉዳት ያድናል።

ነጩና ጥቁሩ መሬት

ጨው ያጠቃው መሬት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ነጭ ጨው ገጹ ላይ የሚታይበት ሲሆን አፈሩ የላላና ውሃ የሚያሳልፍ ነው። ይህ መውጫ ቦይ ከተበጀለት በውሃ ብቻ ሊታጠብ ይችላል። ሌላው ሶዲየም ከአፈሩ ቅንጣት ጋር የተጣበቀበት ነው። ይህ ሲረጥብ ይላቁጣል፣ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፣ ውሃ አያሳልፍም፣ አንዳንድ ጊዜም ገጹ ጥቁር ሆኖ ይታያል። እንዲህ ያለው መሬት ጀሶ የሚሠራበት ጂፕሰም የተባለው ድንጋይ ተፈጭቶ ካልተጨመረበት በውሃ እጥበት ብቻ አይመለስም፤ እንዲያውም ሊብስበት ይችላል።

ዕፅዋትም ሁለቱን በተለያዩ ትእዛዞች ነው የሚቋቋሟቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 የቻይና ተመራማሪዎች በማሽላ ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ኤቲ1 የተባለው ትእዛዝ በሶዲየም በጠጠረው መሬት ላይ ተክሉን የሚጎዳ ነገር ከሕዋሱ እንዳይወጣ የሚያግድ ሆኖ አግኝተውታል። ትእዛዙ እንዳይሠራ ሲደረግ ማሽላው፣ ሩዙና በቆሎው በዚያ መሬት ላይ የተሻለ ሆነዋል። ስለዚህ ለነጩ መሬት የተመረጠ ዘር ለጥቁሩ ላይስማማ ይችላል።

ዘሩ ጨውን አያጠፋም

ከሁሉም በላይ ሊታወቅ የሚገባው ይህ ነው። በስንዴው ሥር ያሉት ዘበኞች ሶዲየምን የሚገፉት ወዴት ነው? ወደ አፈሩ ነው። ስለዚህ ጨው የሚችለው ስንዴ ውሃውን ጠጥቶ ጨውን እዚያው ይተወዋል። ሰብሉ በአጨዳ ይዞት የሚወጣው ጨው በመስኖ ውሃ ከሚገባው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። የመሬቱ ጨው በዚህ ዓመት 6 ከሆነ፣ መውጫ እስካልተበጀ ድረስ በተከታዮቹ ዓመታት 8፣ ከዚያም 10 ሊሆን ይችላል። በ6 የቻለው ስንዴ በ10 አይችልም። ከዚያ ገብስ ይዘራል፤ ቀጥሎም ገብሱ የማይችልበት ጊዜ ይመጣል።

ጨው የሚችል ዘር አግኝቻለሁ ብሎ የማጠንፈፊያ ቦዩን ቁፋሮ ያቆመ ማኅበር፣ በመካከለኛው አዋሽ የታየውን ችግር በገዛ መሬቱ ላይ ይደግመዋል። በአንጻሩ ዘሩ በሚሰጠው ፋታ ተጠቅሞ፣ ከሚገኘው ገቢ እየቆጠበ ቦዩን የሚቆፍር ማኅበር ግን መሬቱን ለልጆቹ ያወርሳል። የአንድ ገበሬ ጥረትም ብቻውን አይበቃም። ከላይ ያለው ገበሬ ያለ ልክ የሚለቀው ውሃ ከታች ያለውን ገበሬ መሬት ያጨቀያል፤ የአንዱ የማጠንፈፊያ ቦይም በጎረቤቱ መሬት ካላለፈ መድረሻ የለውም። ጉዳዩ የማኅበር ጉዳይ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ከማኅበራት መሪዎች የሚጠበቀው ተግባር

በመሆኑም በመስኖ የሚያለሙ ማኅበራት መሪዎች ከዚህ የሚከተሉትን ተግባራት ቢያከናውኑ ለአባሎቻቸው ጠቃሚ ይሆናል።

በመጀመሪያ ደረጃ ነጭ የታየበትን፣ ሰብል የቀጨጨበትንና የጠጠረውን ቦታ አባላቱን አሰልፎ በመዞር መለየት፤ ከየቦታውም ከላይኛውና ከታችኛው አፈር ናሙና አውጥቶ በልማት ጣቢያ ሠራተኛው አማካይነት ወደ አፈር ላቦራቶሪ መላክ ያስፈልጋል። ከላቦራቶሪው ሁለት ነገሮች መጠየቅ አለባቸው፤ የጨዋማነቱ ልክ ስንት እንደሆነና ሶዲየም ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ እንደሆነ።

ሁለተኛ፣ በማሳው ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ የከርሰ ምድሩ ውሃ ስንት ሜትር ላይ እንደሚገኝ በየወሩ መለካትና በማኅበሩ መዝገብ ላይ መጻፍ ይገባል። ውሃው ወደ ሁለት ሜትር ሲቃረብ ማስጠንቀቂያ ነው።

ሦስተኛ፣ መሬቱን በጨዋማነቱ ልክ ከፋፍሎ ሽንኩርት፣ ቦሎቄና በቆሎን በንጹሑ ላይ፤ ስንዴና ማሽላን በመካከለኛው ላይ፤ ገብስንና ጥጥን በባሰው ላይ መመደብ ይቻላል። ለማንኛውም ሰብል የማይሆነው ጥግ ሮድስ ለተባለውና ጨው በመቻል ለሚታወቀው የመኖ ሣር ሊውል ይችላል።

አራተኛ፣ ጨው ይችላል ተብሎ የመጣ ማንኛውም ዘር በማኅበሩ መሬት ሁሉ ላይ ወዲያውኑ መዘራት የለበትም። ጨው በበዛበትና በቀነሰበት ቦታ ላይ በጠባብ መደቦች ከተለመደው ዘር ጎን ለጎን ተዘርቶ፣ ምርቱ ለየብቻ ተወቅቶና ተመዝኖ መታየት ይኖርበታል። ዘሩን ያመጣው ክፍልም ለየትኛው ዓይነት መሬት እንደተመረጠና በቡቃያነቱ ምን ያህል ጨው እንደሚችል ሊጠየቅ ይገባል።

አምስተኛ፣ በነጣው መሬት ላይ ሌላው ሁሉ ሲሞት በሕይወት የተረፈ የአገር ዘር ዘለላ ቢገኝ ከሌላው ጋር ተወቅቶ መጥፋት የለበትም። ለብቻው ተለቅሞ፣ የተገኘበት ቦታ ተጽፎበት፣ ግማሹ በማኅበሩ ተጠብቆ ግማሹ በልማት ጣቢያው በኩል ለምርምር ማዕከል ቢላክ የአገር ሀብት ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻም የማጠንፈፊያ ቦይ ሥራ ከመስኖ ቦይ ጠረጋ ጋር እኩል በማኅበሩ የዓመት ዕቅድ ውስጥ መግባት አለበት። ውሃ የሚገባበትን ቦይ ሁሉም ሰው በፈቃዱ ይጠርጋል፤ በማግሥቱ ጥቅሙን ያያልና። ውሃ የሚወጣበትን ቦይ ለማስጠረግ ግን የመሪ ትጋት ያስፈልጋል፤ ጥቅሙ የሚታየው ከዓመታት በኋላ፣ መሬቱ ሳይነጣ ሲቀር ነውና።